ፈንታነሽ ለልጇ በቁሙ ያለቀሰችበት ዓመት

ጥይቱ የተተኮሰው በሰኔ፣ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ነው። ይሻው የአስናቀን ደረት በምንሽር ጠመንጃ መታው። አስናቀ ወዲያው አልተዘረረም። እርፉን በግራ እጁ እንደጨበጠ ተንበረከከ፤ በሬዎቹ በተኩሱ ደንብረው ሲፈረጥጡ ሞፈሩ ጎተተው፤ በፊቱ እየተሳበ እርጥቡን አፈር ጥቂት አረሰው። እጁ ሲላቀቅ ማረሻው እየዘለለ ወሰኑን አቋርጦ የይሻውን ማሳ ሰንጥቆ ገባ። የተጣሉትም በዚያው ወሰን ነበር።

ዓመቱ ዘጠና አንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በተደረገው የመሬት ድልድል የሁለቱ ማሳ ጎን ለጎን ወደቀ። በመካከላቸው የቀረችው የሣር ወሰን በየክረምቱ ከግራም ከቀኝም እየተላጠች ቀጠነች። የዚያን ቀን ጠዋት ይሻው “ወሰኔን በላኸው” አለ። አስናቀ አልመለሰለትም፤ በሬ የሚነዳበትን ጅራፍ አዙሮ ፊቱን ገረፈው። በዱላ ቢመታው ኖሮ ሁለቱም ተፈነካክተው ነገሩ በሽማግሌ ያልቅ ነበር። ጅራፍ ግን የበሬ ነው። ይሻው ከዓይኑ ሥር ደም እየወረደ ቤቱ ሄደ፣ ምንሽሩን ከተሰቀለበት አወረደ፣ ተመለሰ።

የምጽፈው ግን ስለ ይሻው እናት ነው።

ፈንታነሽ የጽድ አምባ አልቃሽ ነበረች። ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት አጥቢያዎች ሁሉ ሰው ሲሞት የምትጠራው እሷ ናት። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች፤ ልጅ ሳለን ከብት ስንጠብቅ የሞተ ጥጃ ስናገኝ እንኳ ግጥም ታወርድለት ነበር፤ እኛም ስቀን ስናበቃ ሳናውቀው እናለቅሳለን። ድምፅዋ ያማረ አልነበረም። ሻካራ ነው፤ ከጉሮሮ ሳይሆን ከጎድን አጥንት የሚወጣ ይመስላል። ሰው የሚፈራው ግጥሟን ነበር።

ከቀብር በፊት ከሟች ቤት ሴቶች መሀል ትቀመጥና ትጠይቃለች። የበሬው ስም ማነው? ማንን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ተኳርፎ ሞተ? የወደቀውስ የት ላይ ነው? ግጥሟ ሁልጊዜ የሚነሳው ሟቹ ከወደቀበት ቦታ ነው። ታሞ የሞተ ከሆነ ከመደቡ፣ ወንዝ የወሰደው ከሆነ ከመሻገሪያው፣ የተገደለ ከሆነ ከደሙ ላይ ትነሳለች። “ቦታውን ያላየ ሰው እንባው አይመጣም” ትል ነበር። ሟቹ የተገደለ ከሆነ ደግሞ ገዳዩን በስሙ ትጠራዋለች። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። ዳኛው እስኪጣራ ይላል፣ ቄሱ እግዜር ያውቃል ይላል፣ ዘመድ ጥርሱን ይነክሳል፤ አልቃሽ ግን በአደባባይ ትናገራለች፣ በሷም ላይ ማንም እጁን አያነሳም።

ቃል ሰው ይገድላል ወይ ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ፍልስፍና ይመስላል። ጽድ አምባ ላይ ግን መልስ የተገኘለት ጥያቄ ነው። ፈንታነሽ ገና ወጣት ሳለች፣ ይሻውን ታቅፋ፣ ባሏ ጌጡ በገበያ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ማሩ ረጋ ያለ፣ ዶሮ ለማረድ እንኳ ሰው የሚጠራ ሰው ነበር። በለቅሶው ቀን ፈንታነሽ እንዲህ አለች፦

የጌጡ ወንድሞች ምን ይጠብቃሉ፣
ገዳዩ ሲያጭድ እነሱ ያለቅሳሉ።

ማሩ ኩታውን መሬት ላይ ጥሎ ተነሳ። ገዳዩን አውድማ ላይ፣ መንሹን እንዳነሳ አገኘው፤ ተኩሶ ጣለውና በወደቀበት በመንሹ ደግሞ ወጋው። በኋላ ማሩ እስር ቤት ሞተ። ፈንታሁን የሚባል ልጁ ያለ አባት አደገ። ፈንታነሽ ስለዚያ ግጥም ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ፈንታሁንን ግን ከይሻው እኩል አሳድጋዋለች።

አስናቀ የሞተ ቀን ፈንታነሽ ከመንደሩ ራቅ ብሎ ወፍጮ ቤት ነበረች። ካሳሁን የሚባል ጎረቤት አልቃሽ ጥራ ተብሎ ተላከ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው ነውና ላኪዎቹም ተላኪውም አላሰቡበትም። ካሳሁን ከወፍጮው ጩኸት በላይ ጮኸ።

“እቴቴ! አስናቀ ሞቷል፣ ይድረሱለት!”

“እሺ ልጄ፣ መጣሁ” አለች። ከዚያ ነጠላዋን እያራገፈች “ምን ገደለው?” አለችው።

ካሳሁን ያን ጊዜ ነው የነቃው። አቀረቀረ።

“ጥይት።”

“የማን?”

ፊቱን ወደ ወፍጮው አዞረ።

“የማን እልሃለሁ ካሳሁን!”

“የይሻው።”

ዱቄቱ ከወፍጮው አፍ እየፈሰሰ መሬት ላይ ተከመረ፤ ማንም አልያዘለትም። አንዴ እሺ ካለች በኋላ የቀረችበት ለቅሶ የለም። በሙያዋ የሚታመን አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

“ይቅርብዎ እቴቴ” አለ ካሳሁን። “ታመዋል እላቸዋለሁ።”

“ለቅሶ ቀን ታምሜ አውቃለሁ?”

“ኧረ ይገድሉዎታል!”

“ከገደሉኝማ አልቃሽ ይፈልጉልኛላ” አለች፤ “አያገኙም እንጂ።”

በለቅሶው ሜዳ ቆሜ ነበር። የአስናቀ ልብስ በቅሎው ላይ ተደርጓል፤ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ደረታቸውን ይደቃሉ። ፈንታነሽ ስትመጣ ክቡ አልተከፈተላትም። የአስናቀ እናት ስመኝ ፀጉሯን ተላጭታ፣ አመድ ነስንሳ መሀል ላይ ተቀምጣለች።

“መጣሽ?” አለቻት። “ልጅሽ የጀመረውን ልትጨርሺ መጣሽ? ነይ ግቢ! ቁስሉን እይው! ጣትሽን ክተቺበት፣ ይገባል!”

የአስናቀ ወንድም ሙላቴ በሴቶቹ መሀል ጥሶ ገብቶ የክላሹን አፈሙዝ አንገቷ ላይ ሰካ። ዕድሜውን ሙሉ አንቱ ሲላት የኖረ ሰው ነው።

“አንቺ! ገዳዩን ጥሪ! የሰውን ልጅ ሁሉ ስትጠሪ ኖረሻል። ዛሬ ምላስሽ ቢያጥር እዚሁ ከወንድሜ ጋር ነው የምትገቢው።”

“ተው ሙላቴ፣ በሬሳ ፊት!” አሉ ቄስ አያሌው።

“እርስዎ ፍትሐትዎን ይበሉ!”

ፈንታነሽ አፈሙዙን አልገፋችውም። እዚያው አንገቷ ላይ እንደተሰካ ጀመረች፦

ከእርሻው ጫፍ ተኛ እርፉን እንደያዘ፣
በሬው ብቻውን ነው ድንበር የተጓዘ።

ሴቶቹ መለሱላት። መመለስ አልፈለጉም ነበር፤ አፋቸው ቀደማቸው። ፈንታነሽ በሁለት እጇ ፊቷን ነጨች። ጥፍሯ ከጆሮ ግንዷ እስከ አገጯ ወረደ፣ ደሙ በአንገቷ አልፎ የሙላቴን አፈሙዝ ነካ።

ጥይቱን አትጠይቁ ከየት እንደመጣ፣
ከእኔው ማጀት ነው ከሆዴ የወጣ።

ጠራችው። የሙላቴ ጣት ምላጩ ላይ ነበር። ቀጥሎ ያለችውን ግን ማንም አልጠበቀም፦

ስመኝ ጠጋ በይኝ አጠገብሽ ልሁን፣
ዛሬ ቀብሬዋለሁ እኔም ይሻውን።

ይህ በእኛ ዘንድ ተራ ነገር አይደለም። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ አይወርድም፤ የሰማ ሰው ጆሮውን ይይዛል። ሙሾ የወረደለት ሰው የለም ማለት ነው፦ በስሙ አይጠራም፣ ድርሻ የለውም፣ ቤቱ አይመለስም፣ ደም የሚፈለግበትም አይደለም። ፈንታነሽ ልጇን ከደመኞቹ እጅ በሞት ልታስጥለው ነበር የሞከረችው። ያላት መሣሪያ እሱ ብቻ ነበር። አውጥታ በአደባባይ ተኮሰችው።

ስመኝ አየቻት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ጥቂት ፈቀቅ አለች። ፈንታነሽ ገብታ ተቀመጠች። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ደረታቸውን ሲደቁ ድምፁ ዛሬም ይሰማኛል፤ ሰው የሚደበደብ ነበር የሚመስለው።

ሙላቴ አፈሙዙን መለሰ፤ ሲሄድ ግን እንዲህ አለ፦ “በአፍ የተቀበረ ይተነፍሳል።”

ቄስ አያሌውና ሽማግሌዎች ክረምቱን ሙሉ ተመላለሱ። በመጨረሻ የተገኘው ስምምነት ይህ ነው፦ ይሻው ደብረ ታቦር ሄዶ እጁን ይስጥ፤ ታስሮ ሲወጣም ጽድ አምባን አይርገጥ፣ ማሳው ለአስናቀ ልጆች ይሁን። እጁን ከሰጠ ደሙ ይደርቃል። ስመኝ እሺ አለች። ሙላቴ “እስከ ኅዳር እታገሣለሁ” አለ፤ “ገብስ እስኪታጨድ። ከዚያ ወዲያ ባየሁበት።” የይሻው ሕይወት በዚያች ቀነ ገደብ ላይ ተንጠለጠለች።

ይሻው በጉና ግርጌ ካሉት ጫካዎች አንዱ ውስጥ ከሌሎች ሽፍቶች ጋር ነበር። ወሬው ሁሉ ይደርሰዋል። መጀመሪያ የደረሰው ግን ስለ ሽምግልናው አልነበረም፤ እናቱ በቁሙ ሙሾ እንዳወረደችለት ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ፣ መንደሩ ሁሉ አጨዳ ላይ ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ ቤቷ ገባ። የጅራፉ ጠባሳ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ቀጥታ ወደ ጎታው ሄዶ እጁን ገብሱ ውስጥ ሰደደ። ጥይት የደበቀው እዚያ ነበር።

“ይሻው” አለች።

“ሞቷል ብለሻል አሉ።”

“ልጄ፣ ስማኝ። ደብረ ታቦር ሂድ፣ እጅህን ስጥ። እስር ቤት ያለ ሰው ይጠየቃል። ስንቅ ይዤ እመጣለሁ፣ በአጥርም ቢሆን አይሃለሁ። ደሙ ይደርቃል ብለዋል።”

“የሞተ ሰው እጅ አይሰጥም። አንቺ አይደለሽ የገደልሽኝ?” ጥይቶቹን በጨርቅ ቋጠረ። “አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄድበት አንድ ቦታ አልቀረኝም። እዚያ ጫካ እንኳ ‘እናቱ የቀበረችው’ ነው የሚሉኝ። ይስቁብኛል።”

“ይሳቁ! የተሳቀብህ ሰው ትሆናለህ እንጂ የተገደልክ አትሆንም።”

“ሙላቴ ይቀድመኛል። ሳይቀድመኝ እቀድመዋለሁ።”

ጨርቁን ያዘችው። ሊያስለቅቃት ሞከረ፤ አልለቀቀችም። በክርኑ ደረቷን ሲገፋት ወደኋላ ተንደረደረችና ጭንቅላቷ የመደቡን ጠርዝ መታ። ቆሞ አያት። ልጇ ነውና ሊያነሳት እጁን ዘርግቶ ነበር። ከዚያ እጁን ሰበሰበና ወጣ። ይህን እሷው ናት የነገረችኝ፤ እጁን መዘርጋቱን ሁለት ጊዜ ነው የነገረችኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የአንበሳሜ ገበያ ነበር። ሙላቴ ገብስ ሊሸጥ እንደሚወርድ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች፣ ይሻውም ያውቃል። ፈንታነሽ በጠዋት ተነስታ ከገበያተኛው ቀድማ መንገድ ገባች። ሙላቴ ጋ ሄዳ ልጄ አድፍጦልሃል ማለት ትችል ነበር፤ ያን ብትል ሙላቴ ሰው ሰብስቦ ጫካውን ያስሰዋል። ዝም ማለትም ትችል ነበር። ሦስተኛ መንገድ ፈለገች፦ ሙላቴ ሳይደርስ ልጇን አግኝታ፣ እግሩ ላይ ወድቃ መመለስ።

መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ከመታጠፉ በፊት አንድ አሮጌ ጥድ አለ። ሥሩ ከመንገዱ በላይ ባለው ቋጥኝ ላይ ተንሰራፍቷል። ይሻውን እዚያ አየችው። በሆዱ ተኝቶ ምንሽሩን ወደ መንገዱ አነጣጥሯል። በዚያው ቅጽበት ከኋላዋ የአህያ ኮቴ ሰማች። ሙላቴ ሁለት አህያ እየነዳ፣ ክላሹን አንግቶ፣ ከገበያተኞች ጋር እያወራ ይመጣል። ጊዜ አልነበረም።

ፈንታነሽ መንገዱ መሀል ቆመች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሙሾ አወረደች።

ይህን ያደረገችው ሙላቴን ለማስቆም ነው። ከዚህ ውጭ ሐሳብ አልነበራትም። ሙሾ ሲሰማ ሰው ሁሉ ይቆማል፤ ሙላቴም ቆሞ ይመለስ ነበር፣ ይሻውም ተስፋ ቆርጦ ይነሳ ነበር። ነገር ግን አፏ የለመደውን አደረገ፦

ከጥዱ ሥር ተኝቶ ልጄን አገኘሁት፣
አልቅሼ አልቅሼ በሰኔ የቀበርኩት።

ከቦታው ጀመረች። ዕድሜዋን ሙሉ ከቦታው ነው የጀመረችው።

ሙላቴ ከአህያው ጀርባ ተወርውሮ ተኛ። ገበያተኛው ጮኾ ተበተነ። ይሻው ከጥዱ ሥር ብድግ ብሎ “ዝም በይ እማ! ዝም በይ!” ሲል ሙላቴ በአህያው ሆድ ሥር ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት የጥዱን ቅርፊት ገሸለጠው። ሁለተኛው ይሻውን ጉሮሮው ላይ አገኘው። በቋጥኙ ላይ ተንከባሎ ወረደና ከእናቱ ጥቂት እርምጃ ላይ አረፈ። የራሱ ምንሽር ከላይ ቀርቷል፤ አልተኮሰም። እናቱ መሀል ላይ ቆማ ነበርና።

ጉሮሮውን በሁለት እጇ ያዘችው። ደሙ በጣቶቿ መሀል እየፈላ ወጣ። ሊናገር ሞከረ፤ የወጣው አረፋ ነው። ሙላቴ ጠመንጃውን እንደደገነ መጥቶ ከላያቸው ቆመ። ሌላ ጥይት አላስፈለገም። አህያው ደንግጦ ጭነቱን ጥሏል፤ ገብሱ መንገዱ ላይ ተበትኖ ገበያተኛው ጥሏቸው የሸሸ ዶሮዎች ይለቅሙታል።

“እቴቴ” አለ ሙላቴ። ከሰኔ ወዲህ እቴቴ ሲላት የመጀመሪያው ነው። በእግሩ ደብረ ታቦር ሄዶ እጁን ሰጠ።

ጠልታው ነው ያሉ ነበሩ። ልጇን አስበላችው ያሉ ብዙ ናቸው። ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ማየት አይቻልም፤ ብዙ ዓመት አስቤበት እኔ የደረስኩት እዚህ ነው፦ ሙያ ሰውን የሚሠራው ሰው ሙያውን ከሚሠራው በላይ ነው። ልጇን ልታድን የሮጠችው እናት ናት። አፏን የከፈተችው ግን አልቃሽ ነበረች፤ ሁለቱ በአንድ አንገት ውስጥ ነበሩ፣ የትኛዋ እንደቀደመች ለማየት ጊዜ አላገኙም።

የይሻው ቀብር በማግስቱ ሆነ። ያን ያህል ሰው ጽድ አምባ ላይ አይቼ አላውቅም። የመጣው ሁሉ ለሬሳው አልነበረም። የፈንታነሽን አፍ ሊሰማ ነው የመጣው።

ፈንታሁን፣ የማሩ ልጅ፣ ቋጥኙ ላይ የቀረውን የይሻውን ምንሽር አንስቶ ይዟል። ከሬሳው ራስጌ ቆሞ ይጠብቃል። ሙላቴ ቢታሰርም ሁለት ወንድሞች አሉት፤ ሁለቱም ዕለቱን ከቤታቸው አልወጡም። ሴቶቹ ክብ ሠሩ፣ ደረታቸውን መደቃት ጀመሩ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀነሱ። ግጥም የሚሰጣቸው የለም። ፈንታነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች። ጥፍሯ ሥር ያለው ደም አልታጠበም።

“እቴቴ” አለ ፈንታሁን።

እጆቿን ገለበጠቻቸው።

“እቴቴ፣ አንዲት ቃል። አንዲት ብቻ ይበሉኝ።”

“የይሻው ለቅሶ ሆኗል” አለች። “ሰኔ ላይ ነው የሞተው። አልቅሼለታለሁ፤ ሁላችሁም ነበራችሁ።”

አንዲት ሴት ከክቡ ዳር በራሷ ልትጀምር ድምፅዋን አነሳች። ፈንታነሽ ተነስታ ሄደችና በዚያ ደም በነካው መዳፏ የሴትዮዋን አፍ ያዘች። ሴትዮዋ ታገለች፤ አልለቀቀቻትም፤ ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ። ማንም ሊያነሳቸው አልደፈረም።

ፈንታሁን ከላይ ቆሞ ጮኸ፦ “አባቴን ያስነሳው አፍዎ የት ሄደ?”

ፈንታነሽ ከወደቀችበት ቀና ብላ አየችው።

“አባትህ ጋ።”

የፈንታሁን ፊት እንደተመታ ሰው ፊት ሆነ። ምንሽሩን አቀባበለ። ወደ ሙላቴ ወንድሞች ቤት አንድ ሁለት ራመደና ቆመ። ግጥም ጠበቀ። የሚያስሮጠው ቃል ከኋላው ይመጣ እንደሆነ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ፤ ሁላችንም አዳመጥን። የሴትዮዋ ትንፋሽ በፈንታነሽ መዳፍ ሥር ሲያፏጭ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቄስ አያሌው ጠመንጃውን ከእጁ አልወሰዱበትም፤ አጠገቡ ቆሙ፤ ቃሉ አልመጣም፣ ፈንታሁንም ከቆመበት አላለፈም። ሬሳው በዝምታ ወረደ፤ የአፈሩ ድምፅ በደንብ ተሰማ።

ሙላቴ ጥቂት ዓመት ታስሮ ወጣ። ዛሬ እሱና ፈንታሁን አንድ ገበያ ይገበያያሉ። ሰላም አይባባሉም፤ አንዱ ሌላውን ሲያይ መንገዱን ይቀይራል፣ ሁለቱም መሣሪያ ይይዛሉ። ይህ እርቅ ነው ወይ ቢሉኝ አላውቅም እላለሁ። ፈንታነሽ ከዚያ በኋላ ታሞ ለሞተ ታለቅስ ነበር፤ ለተገደለ ሰው ሲጠሯት ግን ሳትመልስ ደጇን ትዘጋለች። ሙያዋን ጣለች ብለው የሚወቅሷት አሉ። የአስናቀ እናት ስመኝ ግን አንዳንድ ቀን ትመጣና ከደጇ ትቀመጣለች። አይነጋገሩም። ፀሐይ ሲከብዳቸው ስመኝ ትነሳና ትሄዳለች።